የኦቦ ኢተፋ ግራ እግር

ሽታው ከሰውየው ቀድሞ ነበር የሚነሳው። ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ ብቅ ስል ደጃፋችን ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የሞተ አይጥ በሉት፣ ሳይታጠብ የከረመ የወተት ዕቃ በሉት፣ የዛገ ቆርቆሮ በሉት፤ ሁሉም አለበት፣ አንዳቸውም ግን አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው ውስጡ ያለው ጣፋጭ ነገር ነበር። ልክ እንደበሰበሰ ሙዝ ትንሽ ይጣፍጣል።

ስለዚህ በሩጫ ነበር የማልፈው። አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ግቢውን አቋርጬ የውጭው በር ጋ ስደርስ ነው የምተነፍሰው። አንዳንድ ቀን ታዲያ መሀል ላይ ያልቅብኝና ሳልፈልግ አንድ ጊዜ እስባለሁ። ያቺ አንዷ ጉሮሮዬ ላይ ተለጥፋ ትውላለች። ምሳ ዕቃዬን ስከፍት ሽሮዬ ውስጥ ትጠብቀኛለች።

አሁን «ነውር ነው፤ በሽተኛ እንዲህ አይባልም» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እኔም ለራሴ ስንቴ ብዬዋለሁ። መጥታችሁ ብታሸቱት ግን እናንተም ትሮጡ ነበር።

የሽታው ባለቤት አከራያችን ኦቦ ኢተፋ ነበሩ። እኔና እማዬ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አባሮን ቡራዩ ስንገባ፣ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ለቀቁልን፤ በመንገድ በኩል ያለችውን ሱቅ ደግሞ እማዬ ፀጉር ቤት አደረገቻት። ሰውየው ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ከተማ መሀል ቀርቶ እርሻቸው ከገፈርሳ ወዲህ ያለው ተዳፋት ላይ ነበር። በየቀኑ በእግራቸው ሄደው ሳያዩት አይውሉም። ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል። «ስኳር አለብኝ፤ ሻይ ስታፈሉ ጣቴን አስነክሩኝ» እያሉ ያስቁን ነበር።

በዚያ ክረምት እርሻቸው ላይ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተተከለ። ትልልቆቹ ሁሉ «ማስተር ፕላን፣ ማስተር ፕላን» ይሉ ነበር። «ማስተር ፕላን መጣ፣ ማስተር ፕላን ሊወስደው ነው» ሲባል እሰማለሁ። እኔ ማስተር ፕላን የሚባለው ሜትር የያዘ፣ ኮፍያ ያደረገ አንድ ሰውዬ መስሎኝ መንገድ ላይ እፈልገው ነበር። ኦቦ ኢተፋ ችካሉን ነቅለው ጣሉት። ማታ ቤት ገብተው ቦቲያቸውን ሲያወልቁ ውኃ የገባበት መሰላቸውና ገለበጡት። የወጣው ደም ነው። ከችካሉ የወጣ ሚስማር ሶሉን በስቶ ተረከዛቸው ውስጥ ገብቷል። ሚስማር ላይ ሲራመዱ ውለው አልተሰማቸውም። የስኳር ሰው እግሩ እንዲህ ነው፤ ሌላ ሰው ላይ ያለ ያህል ነው።

ቁስሉን አዴ ዲንቄ፣ ሚስታቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያደርገው አከሙት። ቀይና ቢጫዋን እንክብል ከፍተው ዱቄቷን መነስነስ ነው። ቁስል መድረቅ አለበት፤ ይሄን የማያውቅ የለም። ዱቄቱ ላዩን ቅርፊት አበጀ። ከቅርፊቱ ሥር ግን እግሩ መበስበሱን ቀጠለ። ሽታው የተወለደው ያኔ ነው።

ትልቋ ልጃቸው ደራርቱ አዲስ አበባ ነርስ ናት። አንድ ቅዳሜ ትራስ የምታህል ሳጥን ይዛ መጣች። የዚያን ዕለት መብራት ጠፍቷል፤ አዴ ዲንቄ ደግሞ ቁስሉ ሲፈታ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ግቢ ውስጥ ተገኘሁ።

«ቢቲ፣ ነይ እስኪ ብርሃን ያዢልኝ» አለችና ሞባይሏን ሰጠችኝ።

በር ላይ ቀረሁ። ኦቦ ኢተፋ አልጋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ አዩኝ።

«ግቢ እንጂ እመቤት አፍንጫ» አሉኝ። ስሜን ቢታንያ ብለው የጠሩበት ቀን ትዝ አይለኝም። «እግሬ በሩጫ ስታልፊው እያየ ቅር ብሎታል። ዛሬ ሰላም በይው።»

ደራርቱ ፋሻውን ፈታችው። የመጨረሻው ዙር ላይ ጨርቁ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ስለነበር በውኃ እያራሰች አላቀቀችው፤ ሲላቀቅ ድምፅ አለው። ተረከዛቸው ላይ ግማሽ እንቁላል የሚውጥ ጉድጓድ አየሁ። ዳሩ ውኃ ውስጥ እንዳደረ ዳቦ ነጭና እብጥ ያለ ነው። ውስጡ ቢጫም አረንጓዴም ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ እንደተረሳ ጮማ ያብለጨልጫል። አንድ ዝንብ መጥታ ዳሩ ላይ አረፈችና እጆቿን አሻሸች። ኦቦ ኢተፋ አልተሰማቸውም፤ እኔን እያዩ ይስቃሉ።

ደራርቱ አጥባ፣ ጠርጋ፣ የሞተውን በመቀስ ከረከመችና ከሳጥኑ አንድ የብር ወረቀት ቀደደች። ያወጣችውን ነገር እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። እንደ መዳፍ ሰፊ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል፤ በጣቷ ስትይዘው ይንቀጠቀጣል። የተልባ ልጋግ አይታችኋል? ያንን በካሬ ቆርጦ የሸጠ ሰው ያለ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ያኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ንፍጥ ነው፤ የፈረንጅ ንፍጥ ነው ብዬ አመንኩ።

«ሃይድሮጄል ይባላል» አለች ደራርቱ። «አብዛኛው ውኃ ነው።»

«ውኃ?» አሉ አዴ ዲንቄ ከጥግ። «ቁስል ላይ ውኃ? ልጄ፣ ይሄን ነው ያስተማሩሽ?»

«እማዬ፣ የደረቀ ቁስል አይሽርም። ሥጋ የሚያበቅለው እርጥበት ሲያገኝ ነው። አባባ ገበሬ ነው፤ ጠይቂው። በደረቅ መሬት ዘር ይበቅላል?»

«አይበቅልም» አሉ ኦቦ ኢተፋ። «በሉ እንግዲህ እርሻውን ሊወስዱት ነው፤ እግሬ ላይ ዝሩ።»

ደራርቱ አልሳቀችም። ጄሉን ጉድጓዱ ላይ አለበሰችው። ጉድጓዱ ውስጥ ሰመጥ ብሎ ገባና ከሥሩ ያለው ቢጫ ነገር በመስታወት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ታየኝ። «ስማኝ አባባ» አለች። «ዶክተሩ ከጉልበት በታች ይቆረጥ ነው ያለው። ለምኜው ነው ይሄን እንሞክር ያለኝ። በሦስት በሦስት ቀን እየቀየርን፣ ሳትረግጥበት። ይሄ ካልያዘ እግርህ ይሄዳል።»

«እግሬ ከሄደማ እኔ በምን እሄዳለሁ?» አሉ። ከዚያ ቀልዱን ተዉት። «መሬቴን ዞሬ ሳላየው አልሞትም። ለጥፊው።»

ከሦስት ቀን በኋላ ሲቀየር ዳግመኛ ብርሃን ያዥ ሆንኩ። ያ ጥርት ያለ ነገር አብጦ፣ ደፍርሶ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ሲነሳ እንደ ማር እየተጎተተ ወጣ። አዴ ዲንቄ «ያውና መግል! ይኸው አሳበደችው!» አሉ። እኔ ደጅ ወጥቼ ቁርሴን አስመለስኩ። «መግል አይደለም እማዬ፤ የሞተውን ሥጋ እያሟሟ እየጠጣው ነው» ትላለች ደራርቱ። እኔ ደጅ ሆኜ የገባኝ ነገሩ ሕይወት እንዳለውና ሰውየውን እየበላ መሆኑን ነው። ካበጠ ጠግቧል ማለት ነው።

ግን እየዳነ ነበር። ደራርቱ እናቷን እጃቸውን ይዛ አስለመደቻቸው፤ እሷ በሌለችበት ቀን አዴ ዲንቄ እያጉረመረሙ ይቀይሩት ጀመር። ኅዳር ላይ ቢጫው ጠፍቶ ከጉድጓዱ ሥር እንደ ሕፃን ድድ ቀይ፣ እርጥብ፣ ችፍ ችፍ ያለ ሥጋ ወጣ። ለእኔ እሱም ከበፊቱ አልተሻለም፤ የሰው ውስጥ ደጅ ወጥቶ ማየት ምን ይባላል? ሽታው ግን ሳሳ። አንድ ጠዋት ግማሽ ግቢ ድረስ ስሄድ አፍንጫዬን መያዜን ረስቼ ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ።

ማስተር ፕላኑን የሚቃወመው ሰልፍ ቡራዩም ደረሰና ትምህርት ቤታችን ቀረ። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማ እየተቃጠለ ጥቁር ጥላሸት እማዬ ያሰጣችው ፎጣ ላይ ይዘንባል። ተኩስ ስንሰማ እማዬ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠችውን ደንበኛ ፀጉሯ ከተጠቀለለበት ቢጎዲን ጋር ወለል ላይ አስተኛቻት። ሁንዴ፣ የኦቦ ኢተፋ አንድ ወንድ ልጅ፣ ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ሸሽቶ በእግሩ መጣ። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ሲስቅ ይደማል፤ ያም ሆኖ ይስቃል። ለእኔ በሁለት ጣት ማፏጨት አስተማረኝ። አንድ ጠዋት ላፏጭለት ብፈልገው የለም።

«ዱከም ሄደ» አሉኝ አዴ ዲንቄ። «ፋብሪካ ገባ።»

ሳይሰናበተኝ በመሄዱ ተቀየምኩት። ዓመታት ካለፉ በኋላ እማዬ ፀጉሬን ስትሠራልኝ ዝም ብላ ጣል አደረገችው እንጂ፣ ሁንዴ ዱከምን አይቷትም አያውቅ። አባቱ አልጋ ሥር ነበር የተኛው። እኔ ተቀይሜው የማፏጨውን ፉጨት ሁሉ ይሰማል።

በዚያው ሰሞን አዴ ዲንቄ ሌላ ሕግ አወጡ። እማዬ እንጀራ ይዛላቸው ልትገባ ስትል በሩ ላይ ቆመው መለሷት።

«የሺሃረግ፣ እንዳትቀየሚኝ። የቁስል ቤት ነው፤ አንቺ ደግሞ ቅባት በቅባት ነሽ። ሽቶ ቁስል ይመታል።»

ይሄንንም የማያውቅ የለም። ቁስለኛ ያለበት ቤት ሽቶ የተቀባ ሰው አይገባም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። እማዬ «እሺ አዴ፣ ልክ ነዎት» ብላ እንጀራውን ሰጥታ ተመለሰች። በራችንን ዘግታ ግን በሳቅ ወደቀች። «እኔ ነኝ የምሸተው? ቢቲ፣ እስኪ ንገሪኝ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ የምሸተው እኔ ነኝ?» የእኔም ሹሩባ ቅባት ስላለበት እኔም ተከለከልኩ። ኮራሁ። ብርሃን መያዝ ቀረልኝ። ያ ሕግ ለቁስሉ ሳይሆን ለአልጋው ሥር እንደወጣ ማን ያስባል? ሰፈርተኛው ሁሉ በሽቶ ሕግ አምኖ ከደጅ ተመለሰ።

ተማሪ እያደኑ ቤት ለቤት የሚዞሩት ፈታሾች መጀመሪያ የመጡት ረፋድ ላይ ነው። ዩኒፎርም የለበሱ፣ ጠመንጃ የያዙ፣ ልጅ ነገሮች። ከእኛ ቤት ፍራሹን ገለበጡ፤ የቢጎዲን ካርቶኑን ወለል ላይ ዘረገፉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ቢጎዲን አነሳና ምን እንደሆነ ለጓደኛው አሳየው። ከዚያ ወደ ኦቦ ኢተፋ ቤት ተሻገሩ። እኔ በራችን ላይ ቆሜ በተከፈተው በር አልጋው ድረስ አያለሁ።

«ግቡ ልጆቼ፣ ቤት የእግዜር ነው» አሉ ኦቦ ኢተፋ ከተጋደሙበት። «እግሬ ነው የሚሸታችሁ፤ እንዳይደብራችሁ።»

የገባው ወጣት ጎታውን አንኳኳ፤ መጋረጃውን ገለጠ። አልጋው አጠገብ ቆመና እግራቸውን አየ። ጄሉ የተቀየረው ያን ጠዋት ስለነበር በስሱ ፋሻ ሥር ቀዩ ሥጋ ይታያል። ልጁ ትሑት ነበር፤ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«እግዜር ይማርዎት አባባ። እየዳነ ነው እኮ። አይሸትም።»

ይሄን ሲል የኦቦ ኢተፋ ፊት ጠቆረ። በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው «እየዳንክ ነው» ሲባል ይስቃል እንጂ እንደዚያ አይሆንም። «ይሄ ሽማግሌ ምስጋና አያውቅም» ብዬ አሰብኩ። ልጁ አንድ ጉልበቱን ሊያንበረክክ ሲል ከመንገድ ፊሽካ ተነፋና ተጠሩ። «እንመለሳለን» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ቆሻሻ ልደፋ አመድ መድፊያው ጋ ስደርስ ጄሉን አገኘሁት። ያገለገለው ብቻ አይደለም፤ ሳጥኑ ሙሉ ከብር ወረቀቱ እየወጣ ተጥሏል። ፀሐይ ሲመታው አመዱ ውስጥ ብዙ ዓይን ያፈጠጠ ይመስላል። ዶሮዎች እየጎነተሉ ይሸሻሉ፤ አንዷ ምንቃሯ ላይ ተጣብቆባት ራሷን ታራግፋለች።

ኦቦ ኢተፋ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እግራቸውን ፌስታል አልብሰው ያቺኑ የድሮዋን ቦቲ አጥልቀውባታል። ክረምት ላይ ደም የፈሰሰባትን፣ ማንም ያላጠባትን።

እማዬ ከፀጉር ቤቱ ወጥታ አየቻቸው። «ኦቦ፣ ምነው? ደራርቱ ያመጣችልዎት መድኃኒት ተስማምቶዎት አልነበር?»

«አልተስማማኝም። ልጋግ ነው። ቁስል ፀሐይ ነው የሚወደው፤ ይድረቅ።»

«ቦቲ ውስጥ ይደርቃል?»

«አንቺ ፀጉር አድርቂ የሺሃረግ፤ እግሬን ተይልኝ።»

ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ይውላሉ። ሽታው ተመለሰ፤ ሲመለስም ዘመዶቹን ሁሉ ይዞ ነው የመጣው። አሁን መሮጥም አይጠቅምም፤ ግቢው ሁሉ እሱ ነው። ልብሳችን እሱን ይሸታል፤ እንጀራችን እሱን ይሸታል። ቦቲዋ አፍ ላይ ዝንቦች ተራ ይጠብቃሉ። ሰማያዊዎቹ፣ ወፍራሞቹ፣ ሲበሩ የሚጮኹት። አንድ ጊዜ ኦቦ ኢተፋ እግራቸውን ሲያነሱ ከቦቲዋ ውስጥ ሹልክ ሹልክ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ በጭቃ እንደሚሄድ ሰው። ግን የተቀመጡ ናቸው። የእማዬ ደንበኞች ፀጉራቸው ሳይደርቅ እየከፈሉ ወጡ። እማዬ «ቤት እንቀይር» ማለት ጀመረች። እኔም ሰውየውን ጠላኋቸው። በእውነት ነው የምላችሁ፤ ልጅ በአፍንጫው ሲጠላ ምሕረት የለውም።

ደራርቱ መንገድ ስለተዘጋ ከአስኮ በእግሯ መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ገባችና ወዲያው ጩኸቷ ተሰማ። በኦሮምኛ ነበር የሚጨቃጨቁት። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ቁጥርና ሰላምታ፣ ትንሽ ትንሽ ስድብ። ደራርቱ «እግር፣ እግር» ትላለች፤ ታለቅሳለች። ኦቦ ኢተፋ አይጮኹም። ደጋግመው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሏት።

«ሚሊ ኮ ለማ፣ ኢልሚ ኮ ቶኮ።»

ይሄኛው ገባኝ። እግሬ ሁለት ነው፣ ወንድ ልጄ አንድ ነው። ትርጉሙን አስልቼ ደረስኩበትና ገረመኝ። ሁለት አለኝ ብሎ አንዱን የሚያባክን ሰው! ይሄኔ ሦስት ቢኖራቸው ሁለቱን ያበሰብሱት ነበር፤ አልኩ በልቤ። ደራርቱ ስትወጣ ሳጥኗን ከአመዱ ላይ አነሳች፤ ባዶ እንደሆነ አየችና መልሳ ጣለችው። እኔን አላየችኝም።

ፈታሾቹ እንዳሉት ተመለሱ። በዚህኛው ጊዜ ብዙ ናቸው፤ ትሑቱ ልጅ አብሯቸው የለም። አለቃቸው ጠና ያለ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ሰው ነው። «አልጋ እያነሣችሁ» ሲል ሰማሁት። የእኛን አልጋ አነሡት። ከዚያ ግቢውን ሲሻገሩ ሁለቱ መሀል ላይ ቆመው ቀሩ፤ ሌላው ክርኑን አፍንጫው ላይ አደረገ። አለቃው ሻርፑን እስከ ዓይኑ ስቦ በሩን በጫማው ገፋው።

ኦቦ ኢተፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ከነቦቲዋ ወደ ታች ተንጠልጥላለች።

«ተነሱ» አላቸው።

«እሺ ጌታዬ። ጫማዬን ላውልቅ።»

በሁለት እጃቸው ተረከዙንና ጫፉን ይዘው ሳቧት። አልወጣችም። እንደገና ሳቧት። እርጥብ ጭቃ ውስጥ የገባ በሬ እግሩን ሲያወጣ የሚሰማው ድምፅ ተሰማና ወጣች። ፌስታሉ አብሮ መጣ። ከውስጡ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ቡናማ ነው፣ ወፍራም ነው፤ ውስጡ ነጭ ነጭ ነገር ይላወሳል። አንዳንዱ እግራቸው ላይ ቀርቶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል ይወጣል። ሽታው እኛ በር ድረስ እንደ ጥፊ መጣ። ዓይኔ አለቀሰ።

«እርዱኝ እስኪ ልነሳ» አሉ ኦቦ ኢተፋ፤ እጃቸውን ወደ አለቃው ዘረጉ። ያው ፈሳሽ እጃቸው ላይም ነበር።

አለቃው ወደ ኋላ ሄደ። ሻርፑን ከአፉ ለማውረድ እንኳ አልደረሰም፤ የውኃ ሮቷችን ሥር ተደፍቶ አስመለሰ። እኔም ሮጬ እዚያው ሮቶ ሥር ደረስኩ። ሁለታችንም ጎን ለጎን አጎንብሰን አስመለስን። ቀና ስንል ተያየን። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሰው ነበር የሚመስለው። እጁን አወናጭፎ «ዝጉት፣ ዝጉት ይሄን ቤት» አላቸው። ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር በኩል አልመጡም።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። መንገድ ተከፈተ። ሁንዴ «ከዱከም» ተመለሰ፤ ጨለማ ቤት እንደበቀለ ድንች ነጥቶ፣ ቀጥኖ። ስለ ጤናው ስጠይቀው ፋብሪካ ውስጥ ፀሐይ የለም አለኝ፤ አመንኩት። የኦቦ ኢተፋን እግር ከጉልበት በታች ቆረጡት። ሽታው በዚያው ቀን ከግቢያችን ወጣ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልሄድኩም፤ ከዚያ ፀጉር ቤቱን ከእማዬ ተረከብኩ። ፀጉር ቤት ውስጥ ደግሞ ወሬ አይጠፋም። አንዷ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ትታ ፌጦ ስትቀባ፣ «እንደ አከራዬ እንዳትሆኚ» እያልኩ የኦቦ ኢተፋን ታሪክ እነግራታለሁ፤ ከነቦቲው። ሴቶቹ «ኤጭ» እያሉ ይስቃሉ። ሁንዴ አልጋ ሥር እንደነበረ ካወቅኩ በኋላም ታሪኬን አልቀየርኩትም። ሽማግሌው በግትርነት አበሰበሱት፤ ሽታው በአጋጣሚ ልጁን አተረፈው። እንዲህ ነበር የማስበው። ሁለቱን ነገር አንድ ክር ላይ ለማሰር አስቤም አላውቅም።

ዓምና ቀኝ እግራቸው ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ወጣ። ሁንዴ አሁን አስተማሪ ነው፤ የራሱ ቤት ከእኛ ጀርባ ነው። ማታ ማታ እየመጣ የአባቱን እግር ያጥባል፤ በየጣቱ መሀል ያደርቃል፤ ውስጥ እግሩን በመስታወት ያያል። ያንን የቋጠረ ነገር ያየው እሱ ነው። ደራርቱ ሳጥን ላከች። አመሻሽ ላይ መብራት የለም።

«ቢቲ፣ ብርሃን ያዢልኝ» አለኝ ሁንዴ በአጥር በኩል።

ገባሁ። ሁንዴ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የብር ወረቀቱን ቀደደ። ያው ነው፤ ጥርት ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የተልባ ልጋግ። እጁ ላይ ይዞ ሲያየው ዘገየ።

«ያኔ ግን ኦቦ፣ ለምን ጣሉት?» አልኳቸው። እንደ ቀልድ ነው የጠየቅኩት። «እየዳነልዎት አልነበር?»

ኦቦ ኢተፋ ሳቁ። የመለሰልኝ ሁንዴ ነው፤ ቀና ሳይል።

«ያ ልጅ አይሸትም አለ» አለ። «ልክ እኔ ላይ ቆሞ። ማታውን አባባ ፋሻውን አስፈታው። እማዬ እግሩን ይዛ ለመነችው።» ጄሉን ቁስሉ ላይ አሳረፈውና ዳር ዳሩን በጣቱ ተጫነ። «አልጋው ስንጥቅ ነበር። ተኝቶ ሲያድር ይንጠባጠብብኛል። አፌን ዘግቼ ነው የምተኛው። ያን ቀን ቦቲውን ሲያወልቅ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ወደ እኔ ነው የሄደው። ጉንጬ ላይ ደረሰ። ከማዶ የአለቃቸውን ጫማ አያለሁ። ጫፉ ወደ እኔ ነበር። ከዚያ ዞረ።»

ታሪኬን ለስንት ሴት እንደነገርኩ አሰብኩ። ያ ሽታ ታዲያ ከዚያ በኋላ ቆንጆ ሆኖ ታየሽ ወይ ብትሉኝ፣ አልሆነም። ይኸው አሁንም ስጽፈው አፌ ውኃ ይሞላል። ሽታው ሽታ ነው። እሳቸውም ውስጡ ተቀምጠው ሲውሉ አፍንጫ ነበራቸው።

ኦቦ ኢተፋ ልጃቸውን ከላይ ወደ ታች አዩት።

«ይቺን በደንብ ለጥፋት» አሉት። «ዳግመኛ ብትደበቅ የማወጣልህ ሌላ እግር የለኝም።»

ሁንዴ ሳቀ። ከንፈሩ ላይ ያ የድሮ ስንጥቅ ጠባሳ ሆኗል።

«አንቺም እመቤት አፍንጫ» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ብርሃኑን ቀና አድርጊው፤ እሱን ደግሞ ልቀቂው።»

አንድ እጄ ስልኩን ይዟል። ሌላው ሳላውቀው አፍንጫዬን ቆንጥጧል። ለቀቅኩት። ክፍሉ ሳሙና ሳሙና ነበር የሚሸተው።